ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚወጡ ዕድሎችን በጊዜ የማግኘት፣ ማስታወቂያዎችን በትክክል የማንበብና የማመልከት ዝርዝር መመሪያ

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚወጣ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ከአንድ የውጭ ተቋም የተላከ የነጻ ትምህርት ዕድል መግለጫ በመጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲው የዓለም አቀፍ ግንኙነት ጽሕፈት ቤት ይገባል፤ ከዚያ በሸኚ ደብዳቤ ለኮሌጁ ዲን ይላካል፤ ዲኑ ለትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ይመራዋል፤ ኃላፊው ደግሞ ከመስክ ሥራ ወይም ከስብሰባ ሲመለስ በሰሌዳ ላይ እንዲለጠፍ ያዛል። በዚህ መሀል ሦስት ሳምንት ያልፍና ተማሪው ወረቀቱን ሲያነበው ማመልከቻው ሊዘጋ አራት ቀን ብቻ ቀርቶታል። በአራት ቀን ውስጥ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህር ማግኘት፣ ከሬጅስትራር ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ማውጣትና የጥናት ዕቅድ መጻፍ የማይታሰብ ስለሆነ፣ ብቁ የነበረው ተማሪ ሳይወዳደር ይቀራል።

ይህን መመሪያ የምጽፈው በሁለቱም ወገን ቆሜ ስላየሁት ነው፤ መጀመሪያ አመልካች ነበርሁ፣ በኋላም ማመልከቻዎችን በሚመርጡ ኮሚቴዎች ውስጥ ተቀምጫለሁ። በኮሚቴ ካየኋቸው ማመልከቻዎች መካከል ሐሳባቸው ደካማ በመሆኑ ከወደቁት ይልቅ አንድ መስፈርት ሳይነበብ በመታለፉ፣ አንድ ፊርማ በመጉደሉ ወይም አንድ ደብዳቤ በመዘግየቱ የወደቁት ይበዙ ነበር። እነዚህን ጉድለቶች ማንኛውም ተማሪ ከወዲሁ ሊያስቀራቸው ስለሚችል፣ ከዚህ በታች የቀረቡት ደረጃዎች አብዛኛውን ትኩረት ያደረጉት ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት በሚሠራው ሥራ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ ማስታወቂያው ከሚነሣበት ቦታ መቅረብ

ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚጠቅሙ ዕድሎች በጥቅሉ ከአራት አቅጣጫ ይመጣሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ መንገድና የራሱ ወቅት አለው።

የመጀመሪያው የራስ ትምህርት ክፍል ነው። የማስተማር ረዳትነት፣ የምርምር ረዳትነት፣ በአንድ መምህር ፕሮጀክት ሥር የመመረቂያ ጽሑፍን የማካሄድ ዕድል ከዚህ ይገኛሉ። እነዚህ ዕድሎች ብዙ ጊዜ በሰሌዳ ላይ አይለጠፉም። አንድ መምህር የምርምር ገንዘብ ሲፈቀድለት መጀመሪያ የሚያስበው የሚያውቃቸውን ተማሪዎች ነው፤ ስለዚህ ከአማካሪዎ ውጭ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት መምህራን ምን እያጠኑ እንደሆነ ማወቅና እርስዎ ምን መሥራት እንደሚፈልጉ እንዲያውቁ ማድረግ ማስታወቂያ ከማሳደድ የበለጠ ፍሬ ያፈራል። የትምህርት ክፍሉን ጸሐፊ በአክብሮት መተዋወቅም ተገቢ ነው፤ ወደ ክፍሉ የሚገባ ደብዳቤ ሁሉ በመጀመሪያ የሚያልፈው በእሷ ወይም በእሱ እጅ ነው።

ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው የድኅረ ምረቃና የምርምር ጽሕፈት ቤቶች ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ መሰብሰቢያ የሚሰጥ ገንዘብ፣ የጉባኤ ጉዞ ድጋፍ፣ አጫጭር ሥልጠናዎችና ውድድሮች በእነዚህ በኩል ይወጣሉ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው በበጀት ዓመት እንደመሆኑ መጠን፣ የውስጥ ድጋፎች ማስታወቂያ በበጀት ዓመቱ መጀመሪያ አካባቢ ይበረክታል፤ ዓመቱ ሊያልቅ ሲልም ያልተነካ ገንዘብ ከተገኘ አጭር ጊዜ የተሰጠው ጥሪ በድንገት ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ቀላል ነገር አጥብቄ እመክራለሁ፦ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ያለፈውን ዓመት ማስታወቂያ ቅጂ ይጠይቁ። በየዓመቱ የሚደጋገሙ ጥሪዎች መስፈርታቸውና ቅጻቸው ከዓመት ዓመት ብዙም ስለማይለወጥ፣ ያለፈውን የያዘ ተማሪ አዲሱ ከመውጣቱ ወራት በፊት ዝግጅቱን ሊጀምር ይችላል።

ሦስተኛው በመንግሥታትና በዓለም አቀፍ ድርጅቶች የሚሰጠው ዕድል ነው። እዚህ ላይ ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሁሉም በዩኒቨርሲቲያቸው በኩል የሚመጣ ስለሚመስላቸው ነው። በ1946 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካው ፉልብራይት ፕሮግራም የውጭ ተማሪዎችን የሚቀበለው በየአገሩ ባለው የፉልብራይት ኮሚሽን ወይም በአሜሪካ ኤምባሲ በኩል ነው። የአውሮፓ ኅብረት የሚደግፋቸው የኢራስመስ ሙንዱስ የጋራ ማስተርስ ፕሮግራሞች ደግሞ ማመልከቻ የሚቀበሉት እያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ ፕሮግራሙን በጋራ በሚመሩት ዩኒቨርሲቲዎች ድረ ገጽ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ አገልግሎት፣ ተማሪዎች ዳድ የሚሉት፣ ዕድሎቹን በዓይነትና በአገር ለይቶ የሚያሳይ የራሱ መፈለጊያ አለው። እነዚህን በቀጥታ መከታተል በሸኚ ደብዳቤ ጉዞ የሚባክነውን ሦስት ሳምንት ለተማሪው ይመልስለታል።

አራተኛው፣ በብዙዎች ዘንድ የሚዘነጋው፣ የሙያ ማኅበራትና የጉባኤዎች መንገድ ነው። አብዛኞቹ ዓለም አቀፍ የሙያ ማኅበራት ለተማሪዎች ዝቅተኛ የአባልነት ክፍያ አላቸው፤ አባል የሆነ ተማሪም የጉዞ ድጋፍ፣ የክረምት ትምህርት ቤትና የወጣት ተመራማሪዎች ሽልማት ጥሪ በቀጥታ በኢሜይል ይደርሰዋል። በእነዚህ ጥሪዎች የሚወዳደሩት በአንድ ሙያ ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ብቻ በመሆናቸው፣ ለሁሉም ክፍት ከሆኑት ትልልቅ ስኮላርሺፖች ይልቅ ለጀማሪ የቀረቡ ናቸው።

ደረጃ 2፦ የሚደርሰውን መረጃ በሥርዓት መያዝ

ማስታወቂያ የሚሰበሰብበት አንድ ቦታ ብቻ ይኑርዎ፤ በስልክ፣ በማስታወሻ ደብተርና በኢሜይል የተበታተነ መረጃ በተፈለገ ሰዓት አይገኝም። ቀላል ሠንጠረዥ ይበቃል። በአንድ ረድፍ የዕድሉን ስም፣ የሰጪውን ተቋም፣ ማመልከቻው የሚዘጋበትን ቀንና ሰዓት፣ የዩኒቨርሲቲውን የውስጥ ማብቂያ ቀን፣ የሚጠየቁትን ሰነዶችና አሁን የደረሰበትን ደረጃ ያስፍሩ። በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ቀን፣ ሠንጠረዡን ለማደስና ምንጮቹን ለመጎብኘት መድቡ፤ በየቀኑ መፈለግ ከጥናቱ ሥራ ያዘናጋል፣ በወር አንድ ጊዜ መፈለግ ደግሞ ዕድሉን ያሳልፋል።

ስለ ኢሜይል አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሪን የኢሜይል አድራሻ ከምረቃ በኋላ ይዘጉታል። ውጤታቸው ከስድስት ወይም ከስምንት ወር በኋላ ለሚገለጽ ማመልከቻዎች የዩኒቨርሲቲ አድራሻ ብቻ የሰጠ ምሩቅ የምሥራቹ ሳይደርሰው ሊቀር ይችላል። የማመልከቻ ደብዳቤ በዩኒቨርሲቲ አድራሻ መላክ ተአማኒነት ቢጨምርም፣ ቅጹ ሁለት አድራሻ የሚቀበል ከሆነ የግልዎን ያክሉ፤ አንድ ብቻ የሚቀበል ከሆነም ለዓመታት የሚቆየውን ይምረጡ።

ደረጃ 3፦ ማስታወቂያውን ሦስት ጊዜ ማንበብ

የዚህ መመሪያ ዋና ክፍል ይህ ነው። ማስታወቂያ እንደ ዜና በአንድ ጊዜ ተነብቦ የሚያልቅ ጽሑፍ አይደለም። በመጀመሪያው ንባብ «ለማን ነው?» ብለው ይጠይቁ፤ በሁለተኛው «ምን ይሸፍናል፣ በምትኩስ ምን ያስገድዳል?»፤ በሦስተኛው «ምን፣ ለማን፣ መቼና በምን መልክ ይቅረብ?»። ለእያንዳንዱ ንባብ በተለያየ ቀለም ማስመር ጠቃሚ ልማድ ነው።

አንድ የተለመደ የውስጥ ማስታወቂያ ዐረፍተ ነገር እንውሰድ፦ «አመልካቹ ማመልከቻው በሚዘጋበት ዕለት በሁለተኛ ዲግሪ ፕሮግራም በመደበኛነት የተመዘገበ፣ የጥናት ፕሮፖዛሉ በትምህርት ክፍሉ የጸደቀለትና ከዚህ በፊት ተመሳሳይ ድጋፍ ያላገኘ ሆኖ፣ ማመልከቻውን በትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አስፈርሞ በኮሌጁ በኩል ለድኅረ ምረቃ ጽሕፈት ቤት እስከ ወሩ 20ኛ ቀን ድረስ ያቀርባል።» በዚህ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ብዙ በሮች አሉ። «በመደበኛነት የተመዘገበ» የሚለው የማታና የርቀት ተማሪዎችን ያስቀር ይሆን? «በሚዘጋበት ዕለት» ማለት ሴሚስተሩን ያልተመዘገበ ወይም ፈቃድ ወስዶ ያቋረጠ ተማሪ አይቀርብም ማለት ነው። «የጸደቀለት» የሚለው ቃል ቃለ ጉባኤ ይጠይቃል፤ አማካሪው በቃል መስማማቱ አይበቃም። «ተመሳሳይ ድጋፍ» የሚለው ከዓመት በፊት የተሰጠውን የጉዞ ድጋፍ ይጨምር እንደሆነ በጽሑፍ ተጠይቆ መልሱ መያዝ አለበት። ከሁሉ በላይ ግን «በኮሌጁ በኩል» የምትለዋ ቃል 20ኛውን ቀን ወደ 12ኛው ወይም ወደ 10ኛው ታወርደዋለች፤ ወረቀቱ በኃላፊውና በዲኑ ጠረጴዛ ላይ የሚያድርበት ጊዜ ከተማሪው ጊዜ ላይ ነው የሚቀነሰው።

ይህን የተማርሁት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለአንድ የጉባኤ ጉዞ ድጋፍ ሁሉንም ሰነድ አሟልቼ በመጨረሻው ቀን ጠዋት ለፊርማ ስሄድ፣ የሚፈርሙት ኃላፊ ለአንድ ሳምንት ከከተማ ወጥተው ነበር፤ ተወካይም አልተመደበም። ጽሑፌ በጉባኤው ተቀባይነት አግኝቶ ሳለ ሳልሄድ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ሳነብ መጀመሪያ የምቆጥረው የፊርማዎቹን ብዛት ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊርማ ሦስት የሥራ ቀን እመድባለሁ፣ ፈራሚው ካልተገኘ በማን እንደሚተካም አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

በውጭ ዕድሎች ላይ ደግሞ ዓይን የማይይዛቸው ግን አመልካቹን የሚጥሉ መስፈርቶች አሉ። የብሪታንያው ቼቭኒንግ የአንድ ዓመት ማስተርስ ዕድል ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲያበቃም ተማሪው ቢያንስ ለ2 ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል፤ ስለዚህ የዶክትሬት ትምህርት የሚፈልግ ሰው በዚህ ላይ ጊዜውን ማጥፋት የለበትም። በብዙዎቹ የዳድ ፕሮግራሞች የመጨረሻው ዲግሪ ከተገኘ 6 ዓመት ያለፈው አመልካች አይቀርብም። በአውሮፓ ኅብረት የማሪ ስክሎዶቭስካ ኩሪ የዶክትሬት ኔትወርኮች ደግሞ አመልካቹ ከመቀጠሩ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በሚቀጠርበት አገር ከ12 ወር በላይ የኖረ ወይም የሠራ መሆን የለበትም፤ በዚያው አገር ማስተርሱን ገና የጨረሰ ተማሪ ሌላው ሁሉ ተሟልቶለት በዚህ ብቻ ይወድቃል። እነዚህን የመሰሉ መስፈርቶች የሚገኙት በዋናው ማስታወቂያ ሥር በተያያዘው የአመልካቾች መመሪያ ውስጥ ስለሆነ፣ በቡድን የተላለፈ አጭር መልእክት ብቻ አንብቦ መወሰን አደገኛ ነው።

በሁለተኛው ንባብ ገንዘቡ ምን ምን እንደሚያካትት በጥንቃቄ ይታይ። «ሙሉ ስኮላርሺፕ» የሚለው አገላለጽ በራሱ ብዙ አይነግርም። ለምሳሌ የኢራስመስ ሙንዱስ ስኮላርሺፕ ያገኘ ተማሪ የትምህርት ክፍያ የማይጠየቅ ሲሆን በወር 1,400 ዩሮ ያገኛል፤ ሆኖም የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የቪዛው ክፍያና የመቋቋሚያ ወጪው ሁሉ ከዚሁ ገንዘብ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ወር ክፍያ በፊት የጉዞውን ወጪ ከየት እንደሚያመጣ አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። የጉባኤ ጉዞ ድጋፍም ብዙውን ጊዜ በቅድሚያ የሚሰጥ ሳይሆን ወጪ ከተደረገ በኋላ በደረሰኝ የሚተካ ነው፤ ይህን ሳያጣሩ ትኬት መግዛት ለብድር ይዳርጋል።

በሦስተኛው ንባብ የማብቂያው ሰዓት በየትኛው የዓለም ክፍል አቆጣጠር እንደሆነ ይረጋገጥ። «23:59 በመካከለኛው አውሮፓ ሰዓት» የሚል ማስታወቂያ ከዚያ በስተ ምሥራቅ ላለ አመልካች የሚዘጋው በማግስቱ ነው፣ በስተ ምዕራብ ላለው ደግሞ በዚያው ቀን ቀደም ብሎ። በኮምፒውተር ሳይንስ ጉባኤዎች የተለመደው «በምድር ላይ በየትኛውም ቦታ» የሚለው አነጋገር ደግሞ ቀኑ በዓለም ላይ በመጨረሻ የሚያልቅበትን፣ ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ12 ሰዓት ወደኋላ ያለውን ክልል ይከተላል። ልዩነቱን ማወቅ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ የመጨረሻውን ሰዓት መጠበቅ ከቶ አይመከርም፣ ድረ ገጹ የሚጨናነቀው በዚያን ጊዜ ነውና።

ደረጃ 4፦ ዘወትር ዝግጁ የሆነ ማኅደር

ማስታወቂያ ከወጣ በኋላ የሚዘጋጅ ሰነድ ቢኖር ለዚያ ዕድል ብቻ የሚጻፈው መግለጫ መሆን አለበት፤ የቀረው ሁሉ አስቀድሞ በአንድ ማኅደር ይቀመጥ። ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት፣ የዲግሪ ማስረጃ፣ ጊዜው ያላለፈ ፓስፖርት፣ በየሦስት ወሩ የሚታደስ ሲቪ፣ ካለም የቋንቋ ፈተና ውጤት በፒዲኤፍ ተዘጋጅተው ስማቸው ግልጽ በሆነ መንገድ ይሰየሙ። የቶፍል ውጤት የሚያገለግለው ለ2 ዓመት ነው፤ የአይኢኤልቲኤስ ውጤትም በአብዛኛው ተቀባይነት የሚያገኘው ለዚያው ያህል ጊዜ ስለሆነ፣ ፈተናውን በጣም ቀድሞ መውሰድም ሆነ ማመልከቻው አፍንጫ ሥር ሲደርስ መመዝገብ ሁለቱም ጉዳት አላቸው። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነጻ የሚሰጠውንና 16 አሃዝ ያለውን ኦርኪድ የተባለ የተመራማሪ መለያ ቁጥር ማውጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ስማቸው በተለያየ የፊደል አጻጻፍ ለሚመዘገብ ተመራማሪዎች ሥራዎቻቸው እንዳይበታተኑ ይረዳል።

ከሰነዶቹ ጎን ለጎን የራስዎን ጥናት በሦስት መጠን ጽፈው ያስቀምጡ፦ በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በ150 ቃላትና በአንድ ገጽ። ይህ ቀላል መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ጥናቱን ከሙያው ውጭ ላለ ሰው በአንድ ዐረፍተ ነገር መንገር የሚችል ተማሪ ያየሁት በጣት የሚቆጠር ነው። መለማመጃ የሚፈልግ ሰው በአውስትራሊያው የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2008 እ.ኤ.አ. የተጀመረውን «የሦስት ደቂቃ መመረቂያ ጽሑፍ» ውድድር ሕግ መጠቀም ይችላል፦ ሦስት ደቂቃ፣ አንድ የማይንቀሳቀስ ስላይድ፣ ሌላ ምንም መርጃ የለም። 80,000 ቃላት ያለውን የዶክትሬት ጽሑፍ አንብቦ ለማቅረብ 9 ሰዓት ይፈጃል ተብሎ በሚገመትበት ሁኔታ፣ በሦስት ደቂቃ መናገር መቻል ምን ያህል ማጥራት እንደሚጠይቅ ግልጽ ነው።

ደረጃ 5፦ የድጋፍ ደብዳቤ መጠየቅ

ደብዳቤ ጸሐፊ ሲመርጡ የሰውየውን ማዕረግ አስቀድመው አይዩ። በአካል የማያውቅዎ የኮሌጅ ዲን የሚጽፈው አራት መስመር፣ የላቦራቶሪ ሥራዎን በየሳምንቱ ሲያርም የነበረ መምህር ከሚጽፈው አንድ ገጽ ጋር አይወዳደርም። ገምጋሚ የሚፈልገው ጸሐፊው በዓይኑ ያየውን ነገር ነው።

ጥያቄው ቢያንስ ከአራት ሳምንት በፊት ይቅረብ፤ መምህሩ እምቢ ለማለትም ነጻነት ይኑራቸው። ለዚህ የሚሆን ደብዳቤ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «ለተከበሩ ዶክተር፤ ባለፈው ዓመት የምርምር ዘዴ ትምህርት በእርስዎ ዘንድ ተከታትያለሁ፤ በማጠቃለያ ሥራዬ ላይ የሰጡኝ አስተያየትም የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ እንድመርጥ ረድቶኛል። በአሁኑ ጊዜ ለዶክትሬት ትምህርት ድጋፍ ለማመልከት በዝግጅት ላይ ስለሆንሁ፣ ሥራዬን በቅርብ ስለሚያውቁት ደጋፊ ደብዳቤ ሊጽፉልኝ ፈቃደኛ እንደሆኑ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ደብዳቤው በተቋሙ ድረ ገጽ በቀጥታ የሚጫን ሲሆን የሚዘጋው ኖቬምበር 15 ነው። ማስታወቂያውን፣ ሲቪዬን፣ የዓላማ መግለጫዬን ረቂቅና በእርስዎ ዘንድ የሠራሁትን ጽሑፍ አያይዣለሁ። ጊዜዎ የማይፈቅድ ከሆነ ቢነግሩኝ ሌላ መምህር ለመጠየቅ እንድችል ይረዳኛል።» በዚህ ደብዳቤ ውስጥ መምህሩ ሊያስታውሷቸው የሚቸገሩባቸው ነገሮች ሁሉ ቀርበዋል፤ የተያያዘው የቀድሞ ጽሑፍ በተለይ ደብዳቤው ውስጥ ተጨባጭ ምሳሌ እንዲገባ ያደርጋል።

ማብቂያው አሥር ቀን ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ሌላ ጊዜ በትሕትና ማስታወስ ነውር አይደለም። ውጤቱ ሲታወቅ፣ ዕድሉ ባይገኝም እንኳ፣ ለመምህሩ ማሳወቅና ማመስገን ይገባል። አንዳንድ መምህራን ተማሪው ራሱ አርቅቆ እንዲያመጣላቸው ይጠይቃሉ፤ ይህ ሲያጋጥም ረቂቅ ደብዳቤ ከመጻፍ ይልቅ አብረው የሠሩትን በነጥብ ዘርዝሮ ማቅረቡን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ምስክርነቱ የምስክሩ ቃል ሊሆን ይገባዋል።

ደረጃ 6፦ መግለጫውንና በጀቱን መጻፍ

የዓላማ መግለጫ የሕይወት ታሪክ አይደለም። «ከልጅነቴ ጀምሮ ለሳይንስ ፍቅር ነበረኝ» ብሎ የሚጀምር መግለጫ በአንድ ቀን አርባ ለሚያነብ ገምጋሚ ምንም አይነግረውም። በመጀመሪያው አንቀጽ የሚያጠኑትን ጥያቄ ያቅርቡ፤ በሁለተኛው እስካሁን ምን እንደሠሩበትና ምን እንዳገኙ፤ በሦስተኛው ለምን በዚያ ቦታና በዚያ ሰው ዘንድ መቀጠል እንዳለበት። የመጨረሻው የብዙዎች ድካም የሚታይበት ነው፤ የተቋሙን ስም ቀይሮ ለአምስት ቦታ የሚላክ መግለጫ ከሩቅ ይታወቃል። የአንድን መምህር ሥራ ሲጠቅሱ በእርግጥ ያነበቡትን ይጥቀሱ፣ ከእርስዎ ጥያቄ ጋር የሚገናኝበትን ነጥብም በአንድ ዐረፍተ ነገር ያሳዩ።

ለምርምር ወይም ለጉዞ የሚቀርብ በጀት የማመልከቻው ታማኝነት የሚመዘንበት ገጽ ነው። «የትራንስፖርት ወጪ» ብሎ አንድ ጠቅላላ ቁጥር ከማስፈር ይልቅ፣ ስንት ቦታ፣ ስንት ጊዜ፣ ለስንት ሰው፣ በምን ዓይነት መጓጓዣ እንደሚኬድ ይዘርዘር፤ የዋጋው መነሻም ይጻፍ። በመንግሥት ገንዘብ የሚሸፈን ከሆነ የዩኒቨርሲቲው የቀን አበልና የግዥ መመሪያ ከሚፈቅደው በላይ የተጠየቀ ሁሉ እንደሚቀነስ ይታወቅ፤ ከመጻፍዎ በፊት የፋይናንስ ክፍሉን አንድ ሠራተኛ ማነጋገር ብዙ ድካም ያቃልላል።

ደረጃ 7፦ የሐሰት ጥሪዎችን መለየት

ስሙ ከታወቀ ጉባኤ ጋር የሚመሳሰል፣ ከሁሉም የሙያ ዘርፍ ጽሑፍ የሚቀበል፣ በተላከ በሁለት ቀን «ተቀባይነት አግኝቷል» ብሎ የምዝገባ ክፍያ የሚጠይቅ ጥሪ ሲመጣ መጠራጠር ግዴታ ነው። የአዘጋጆቹን ኮሚቴ አባላት በየተቋማቸው ድረ ገጽ ያጣሩ፤ በአማካሪዎ የምርምር ዘርፍ የሚያውቁት ሰው አለመኖሩ በራሱ ምልክት ነው። ለመጽሔት ከሆነ ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመውን በነጻ የሚነበቡ መጽሔቶች ማውጫ መመልከት ጥሩ መነሻ ይሆናል። ስኮላርሺፕን በተመለከተ ደግሞ ፉልብራይትና ቼቭኒንግ ለማመልከት ክፍያ አይጠይቁም፤ በስማቸው «የማስኬጃ» ገንዘብ የሚሰበስብ ማንኛውም ሰው አጭበርባሪ ነው።

ደረጃ 8፦ ማስገባት፣ መከታተልና ዕድሉ ሲገኝ

ማመልከቻውን ከማብቂያው ሦስት ቀን ቀድመው ያስገቡ። ከማስገባትዎ በፊት የተሰቀሉትን ፋይሎች እንደገና ከድረ ገጹ አውርደው ይክፈቷቸው፤ የተገለበጠ ስካን፣ የሌላ ተቋም ስም ያለበት መግለጫ ወይም የማይከፈት ፋይል የሚገኘው በዚህ ጊዜ ነው። በወረቀት የሚገባ ከሆነ የመዝገብ ቤቱ ማኅተምና ቀን ያለበትን ቅጂ ይቀበሉ፤ «ገብቷል» የሚለው የቃል መልስ በኋላ ለክርክር አይሆንም። ካልተመረጡ የግምገማውን አስተያየት በጨዋነት ይጠይቁ፤ ሁሉም ተቋም አይመልስም፣ የመለሰው ግን ለቀጣዩ ዓመት ማመልከቻ ከማንኛውም ምክር የተሻለ ነው።

ዕድሉ ሲገኝ ከመፈረም በፊት የውሉን አንቀጾች ያንብቡ፦ ከሌላ ድጋፍ ጋር በአንድ ላይ መያዝ ይፈቀዳል? ሳያጠናቅቁ ቢያቋርጡ ገንዘቡ ይመለሳል? የመመለስ ግዴታ አለ? በራስዎ ዩኒቨርሲቲ ላይ ያለው ምዝገባስ በፈቃድ ይቆያል ወይስ ይሰረዛል? ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የገንዘብ ድጋፍ ያለው ቅበላ ያገኘ ተማሪ ደግሞ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት ስምምነት ፈራሚ በሆኑት ተቋማት ዘንድ ከኤፕሪል 15 በፊት መልስ እንዲሰጥ እንደማይገደድ ማወቅ አለበት፤ ይህ ጊዜ የሌሎቹን መልስ ለመጠበቅና ለማነጻጸር ይረዳል።

ለጉባኤ ወይም ለመስክ ሥራ ከተጓዙ፣ የመሳፈሪያ ወረቀቱን፣ የሆቴሉን ደረሰኝ፣ የምዝገባ ማረጋገጫውንና የተሳትፎ ሰርተፊኬቱን በዚያው ዕለት በስልክ ፎቶ አንሥተው ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ፤ በሙቀት የሚታተም ደረሰኝ በጥቂት ወራት ውስጥ ይደበዝዛል፣ የደበዘዘ ደረሰኝም በፋይናንስ ክፍል ተቀባይነት የለውም። የማወራረጃ ጊዜው በብዙ ቦታ አጭር ስለሆነ የጉዞውን ሪፖርት በመልስ ጉዞው ላይ መጻፍ ይጀምሩ፤ ሪፖርቱ አንድ ቅጂ ለጽሕፈት ቤቱ፣ አንድ ቅጂ ለአማካሪዎ፣ ሌላው ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ድጋፍ ለሚጠይቅ ተማሪ እንዲሆን በትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ዘንድ ይቀመጥ።